በዱካው አጠገብ ያልጻፍኩት ስም

የተከበራችሁ የጋርኔት ቤይ ሽማግሌዎች፤ አባታችን፤ ወንድሟ ሲሪልና ልጇ ሮዊና፤ ቀይ አሸዋውን ሁለት ቀን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፤ ከጀልባ ወርዳችሁ ሱሪያችሁ ሳይደርቅ እዚህ የቆማችሁ ሰዎች፤ አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ የነበራችሁና ዛሬ የራሳችሁን ልጅ ያቀፋችሁ ሁሉ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ዛሬ የምንቀብራትን ሴት ስም አልጠራም። ካረፈች፣ ስሟም እንዳይጠራ ከተከደነ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። የሚከፍተው ቤተሰቡ ነው፤ መቼ እንደሚከፍተውም የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። ፎቶግራፏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ጀልባዋ ጎን ላይ የተጻፈው ስሟ በሰፊ ፕላስተር ተሸፍኗል። እኔም አፌን ሸፍኛለሁ። ይህን የምላችሁ ስለማታውቁት አይደለም፤ ሥርዓቱ የእናንተ ነው። የምለው፣ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ በሙሉ ስለዚያው ስም ስለሆነ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መጻፍ ሲገባኝ ያልጻፍኩት ስም ነው። አሁን ልጻፈው ብል አልችልም። ስለዚህ የሮዊና እናት እላታለሁ።

ምን አልክ ሲሪል? አሳጥረው? ባሕሩ እንኳ የሚጠብቀው ሁለት ሰዓት ነው? እሺ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትለኝ የኖርከውን ነው ዛሬም ያልከው፤ እኔም ዛሬ እንደ ወትሮው አላሳጥርም። ታገሠኝ።

ሁለተኛው ነገር ይኸውና። በእህትህ ቀናሁ። ወዳጇ ነበርኩ፤ ይህም እውነት ነው። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት በየቀኑ የሰጠችኝን ሩዝና ዓሣ በልቻለሁ። በታመምኩ ጊዜ በጀልባዋ ጭና ወስዳኛለች። ነገር ግን ሰው በወዳጁ አይቀናም ያለው ማን ነው? በማያውቀው ሰውማ ማን ይቀናል?

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስገባ ቆጠርኳችሁ። የመምህር አመል ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ናችሁ፤ የታዘሉትን ሳልጨምር። ለእኔ ቀብር አሥራ ሁለት ሰው ይመጣ ይሆናል፤ ሦስቱ ለምሳው ብለው። ሳቁ፤ እሷም ብትሆን ትስቅ ነበር። ግን ስቆጥራችሁ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ቀናሁ። በመቃብሯ አፍ ላይ ቆሜ እንኳ ቀናሁ።

ከምን ልጀምር? ከኩሬው ልጀምር።

እዚህ ስመጣ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ሠላሳ ሜትር የሚዘረጋ መለኪያ፣ አንድ ካርቶን ጠመኔና ሁለት ቁምጣ ነበሩኝ። በባሕሩ ዳር ዓለት ላይ የዳይኖሰር ዱካ እንዳለ ከመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ትምህርት ቤት የመረጥኩትም ለዚያ ነው። ባለ ሦስት ጣቱን ዱካ ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ሳምንት አሳዩኝ። የትልልቆቹን፣ አንገታቸው የረዘመውን፣ በአራት እግር የሚሄዱትን ግን አጣኋቸው። ሁለት ዓመት ፈለግሁ። ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ወረድኩ። ዓለቱን በገመድ በካሬ ከፋፈልኩ። እያንዳንዱን ካሬ ቁጥር ሰጥቼ በደብተር መዘገብኩ። ሁለት መቶ አርባ ካሬ። ምንም አላገኘሁም።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ደክሞኝ፣ ከኩሬዎቹ አንዷ ዳር ተቀመጥኩ። ክብ ናት፤ እንደ መታጠቢያ ገንዳ ሰፊ ናት። ጫማዬን አወለቅሁ። እግሬን ውኃው ውስጥ ነክሬ ሳንድዊቼን መብላት ጀመርኩ። የሮዊና እናት ከዓለቱ ላይ ዛጎል እየፈለቀቀች መጣች። ባልዲዋን አስቀመጠች።

«አንተ መምህር፣ ምን ጠፋብህ?»

«ዱካ ነው የምፈልገው።»

«የትልቁን ነው የትንሹን?»

«የትልቁን።»

«እንግዲያው ምሳህን ጨርስና እግርህን አውጣለት።»

«ከምን ውስጥ?»

«ከእግሩ ውስጥ ነዋ!»

ዘወር ብዬ አየሁ። ከተቀመጥኩበት ኩሬ አራት ሜትር ራቅ ብሎ ሌላ ክብ ኩሬ አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ እስከ ባሕር ዳሩ የማንግሮቭ ዛፎች ድረስ ተሰልፈዋል። ዳርና ዳራቸው ላይ ጭቃው በክብደት ተገፍቶ የተነሳው ከንፈር ሳይቀር ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ሁለት ዓመት ካልሲዬን ያጠብኩባቸው ኩሬዎች ናቸው! በደብተሬ ላይ «ካሬ ሰባ አንድ፦ ኩሬ፣ ዱካ የለም» ብዬ የጻፍኩባቸው ናቸው።

«ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አልኳት።

«መች ጠየቅኸኝ? በገመድህ ስትጫወት አየሁህ፤ ደስ ብሎህ ነበር።»

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ «እግር አጣቢው» ብሎ ጠራኝ። ዴዝሞንድ፣ እዚያ ከኋላ የቆምከው፣ አንተ ነህ በጥቁር ሰሌዳዬ ላይ የጻፍከው። ጽሕፈትህን አውቀዋለሁ፤ በዓመት አንዴ ነበር የምትጽፈው።

በዚያ ቀን ሳቅሁ። ከእነሱ ጋር አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ሁለት መቶ አርባውን ካሬ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሁለት ዓመት የደከምኩበትን እሷ ባልዲ አስቀምጣ እስክታነሳ ባለው ጊዜ ውስጥ አሳየችኝ። ያን ቀን ነው የቀናሁት። መጀመሪያው ያ ነው።

እነዚህ ዱካዎች የማን እንደሆኑ፣ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ፣ እናንተ የምትሉት አለ። እሱን እኔ አልነካውም። የእኔ አይደለም፤ እሷም ሁሉንም አልነገረችኝም፤ ትክክል አደረገች። እኔ የምናገረው በመለኪያ ስለማውቀው ብቻ ነው።

በመለኪያ የማውቀው ይህን ነው። አጥንት የሚናገረው እንስሳው መሞቱን ነው። ዱካ የሚናገረው አንድ ቀን መሄዱን ነው። የዱካውን ርዝመት ብትለኩ የዳሌውን ከፍታ ትገምታላችሁ፤ አራት እጥፍ ያህል ነው። በአንዱና በሌላው እርምጃ መካከል ያለውን ብትለኩ ይሮጥ ወይስ ይራመድ እንደነበር ታውቃላችሁ። የጭቃውን ከንፈር ብታዩ መሬቱ ምን ያህል ርጥብ እንደነበር ትረዳላችሁ። ከመቶ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ አንድ ተራ ቀን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ። ያ ሁሉ ዘመን ያልደመሰሰው ከሰዓት በኋላ። እኔ ትናንት ከሰዓት ምን እንደሠራሁ ረስቻለሁ።

ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ አስተማርኩ። በጥንቃቄ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ በመስኮት ይመለከቱ ነበር። ምን ነበር የሚመለከቱት? የሮዊና እናት የወጥ ቤቱን በር ዘግታ ወደ ባሕሩ ስትወርድ። ደወሉ ሲደወል ተከትለዋት ይሮጡ ነበር። በእኔ ሰሌዳ ላይ መቀነስ የማይችል ልጅ እሷ ዘንድ ሲደርስ ይቀንሳል። «ትናንት እዚህ ስንት ሸርጣን አለፈ?» «አምስት።» «ዛሬስ ስንት ተመለሰ?» «ሦስት።» «ሁለቱን ማን በላቸው?» «እትዬ፣ አንቺ!» ሳቃቸው እስከ ክፍሌ ይሰማ ነበር። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ቆሜአለሁ። መምህሩ እኔ ነኝ። የተማረው እኔ ነኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማስተማር ነው፤ እሷ የሚከፈላት ድንች ለመላጥ ነው። ቀናሁ። እንዴት አልቀና?

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ። ሲሪል፣ ሰዓትህን አትይ።

ባሕሩ ከሁሉ ጊዜ ርቆ በሚሸሽበት፣ በትልቁ ሽሽት ብቻ የሚገለጥ አንድ ዓለት አለ፤ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚታየው። እዚያ የአንድ ባለ ሦስት ጣት እንስሳ ዱካ በአንድ መስመር ተሰልፏል። አሥራ አራት ዱካ። ያሳየችኝ እሷ ናት፤ እዚህ በመጣሁ በአምስተኛው ዓመት። «አሥራ አራት እርምጃ ነው» አለችኝ። «አሥራ አራት ዱካ ነው፤ እርምጃው አሥራ ሦስት ነው» ብዬ አረምኳት። «እሺ አሥራ ሦስት ይሁንልህ፤ ለሱ ግን አሥራ አራት ጊዜ ነው ያመመው» አለችኝ።

«ማንን ነው ያመመው?»

«ይሄንን። ግራ እግሩ ታሟል። ያነክሳል፤ አታይም?»

አላየሁም። ለካሁ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለካሁ። ቀኝ እግሩ የሚያርፍባቸው ሰባቱ እርምጃዎች አንድ ሜትር ከአሥራ ሁለት ሳንቲም ገደማ ናቸው። ግራው የሚያርፍባቸው ስድስቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ ገደማ። አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ዓይኔ እያየ! እኔ ግን ምን አልኩ? «የመለኪያ ስህተት ነው፤ ዓለቱ ተሸርሽሯል» አልኩ።

አልተከራከረችኝም። ከባልዲዋ የዛጎል ስባሪ አወጣች። በግራ ሰንደሏ ውስጥ አስገባችው። ከዓለቱ አጠገብ ባለው ርጥብ አሸዋ ላይ ሄደች። ፊቷን አጨማደደች እንጂ አልቆመችም። አሥራ አራት ጊዜ ረገጠች። ከዚያ ዘወር ብላ፦

«በል ለካኝ፣» አለች።

ለካኋት። አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም።

«አየህ፣ የታመመው እግር ላይ ስትቆም አትቆይም። ጤነኛውን ቶሎ ታሳርፈዋለህ። ስለዚህ የጤነኛው እርምጃ ያጥራል። ካንጋሮም እንዲሁ ነው፤ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ይሄም ይሄው። አላደነም፤ አልሮጠም። ብቻውን ነበር። ቀስ ብሎ ውኃው ዳር ሄደ።» ስባሪውን አውጥታ ወረወረችው። ተረከዟ ደምቶ ነበር።

ወገኖቼ፣ ለሃያ ዓመት ለተማሪ «ጠይቅ፣ ሞክር፣ ለካ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በፊቴ ጥያቄ ተጠየቀ፣ ተሞከረ፣ ተለካ። በሕይወቴ ካየኋቸው ትምህርቶች ሁሉ ምርጡ ነው። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ መንሳት ነበረብኝ። ያደረግሁት ምንድን ነው? መለኪያዬን ጠቀለልኩ። ቤቴ ገባሁ። አሥራ ሦስቱን ቁጥሮች ደምሬ ለአሥራ ሦስት አካፈልኩ። በደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አማካይ እርምጃ አንድ ሜትር ከሃያ፤ መደበኛ አካሄድ።»

መደበኛ አካሄድ! የእንስሳውን ሕመም በአማካይ ቀበርኩት። የእሷንም ዓይን አብሬ ቀበርኩት። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ አንድ ቁጥር አልተሳሳትኩም። ከዚህ ይልቅ ተሳስቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሰባት ዓመት አለፈ። ከከተማ ከሚገኝ አንድ ተቋም አንዲት ሊቅ መጡ፤ ዶክተር ኦልድፊልድ ይባላሉ። ጎበዝ ሰው ናቸው፤ በዚህ ታሪክ እሳቸው ምንም ጥፋት የለባቸውም። በትልቁ ሽሽት ቀን አብሬያቸው ወረድኩ። እሳቸው በአሥራ አራቱ ዱካዎች ላይ ተንበረከኩ። ከዚያ ቀና ብለው፦

«ሚስተር ታምብሊን፣ እዚህ የተለየ ነገር አስተውለው ያውቃሉ?» አሉኝ።

የሮዊና እናት ከእኛ አሥር እርምጃ ርቃ ዛጎል ትፈለቅቅ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታናለች። የቢላዋዋ ድምፅ ቆመ።

«አዎ፣» አልኩ። «ግራ እግሩ ላይ ብዙ አይቆይም። ያነክሳል ብዬ አምናለሁ።»

«ድንቅ ነው! መቼ ነው ያስተዋሉት?»

«ከሰባት ዓመት በፊት።»

ዓመቱን እንኳ አልተሳሳትኩም። ያኔም እንደ ልማዴ ጥንቁቅ ነበርኩ።

ቢላዋው እንደገና መፈልቀቅ ጀመረ። ሊቋ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ባልዲዋን አንስታ በአጠገቤ አለፈች። ሳትቆም እንዲህ አለችኝ፦

«መምህር፣ ዛሬስ አንተም አነከስክ።»

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም። በዚያው ሳምንት ሮዊናን አንድ የተቀቀለ ትልቅ ሸርጣን አስይዛ ላከችልኝ። ሮዊና፣ በሩ ላይ ቆመሽ «እናቴ ቺሊ በርበሬውን አብዝቼበታለሁ፣ ያልቅስበት ብላለች» ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? በላሁ። አለቀስኩም። በቺሊው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሊቋ ስለ ዱካው የጻፉት ጽሑፍ ታተመ። በኋላም ወደ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ አፍ ላይ ሰሌዳ ቆመ። ሁላችሁም በአጠገቡ አልፋችኋል። ከታች በኩል እንዲህ ይላል፦ «የሚያነክሰው ዱካ፤ መጀመሪያ ያስተዋለው መምህር ሌስሊ ታምብሊን።» ሃያ ስድስት ዓመት። እንግዶች በአውቶቡስ መጥተው ከሰሌዳው ጋር ፎቶ አነሱኝ። ፈገግ አልኩላቸው። እሷ ባልዲዋን ይዛ ከጀርባችን አለፈች። አንዳንዱ ፎቶ ላይ ትታያለች።

እናንተ ታውቁ ነበር። ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ለምን ዝም አላችሁ? ይህን አንድ ጊዜ ሲሪልን ጠየቅሁት። «እኛማ ማን እንዳየችው እናውቃለን፤ ሰሌዳው ለማያውቁ ነው» አለኝ። ይህን መልስ ስሰማ ደግሞ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? አዎ። በዚህም ቀናሁ። ስሜ በብረት ላይ የተጻፈው እኔ፣ ስሟ የትም ባልተጻፈው ሴት ቀናሁ። ለምን? እሷ ሰሌዳ አላስፈለጋትም። እኔ በየሳምንቱ እየሄድኩ አቧራውን እጠርግ ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋት። ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ አልጋው ውስጥ ግን ሕፃን አክላ ነበር። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ሦስት ነጥብ ነበረው። ገና የመጀመሪያውን ሳላነብ፦

«ሰሌዳውን ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ፀሐይ በልቶታል አሉ፤ አዲስ ሊተክሉ ነው አይደል?»

«አዎ። አዲሱ ላይ ያንቺን ስም ነው የማስጽፈው። ለዶክተር ኦልድፊልድም እውነቱን እጽፋለሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መሰለኝ።

«እንግዲያው ፍጠን፣» አለችኝ። «ስሜ ከተከደነ በኋላ ሲሪል አያስነካህም። ሕጉን ታውቃለህ።»

«እፈጥናለሁ። አንዴ ብቻ ልለካው። ከዚያ ወዲህ ዓለቱ ተሸርሽሮ ሊሆን ይችላል፤ የምጽፈው ቁጥር ትክክል መሆን አለበት። መስከረም ላይ ትልቁ ሽሽት አለ።»

ዓይኗን ገለጠች። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

«አይ አንተ፣ አይ አንተ መምህር። መስከረም! በል ሂድ ለካ።»

ስሟ አራት ፊደል ነው። ለመጻፍ የሚፈጀው የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ነው። እኔ ግን መስከረምን ጠበቅሁ። በዚያን ጊዜ ለራሴ ያልኩት፣ ጥንቃቄ ነው። እውነት መለካት አለበት። አርባ ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። ካረፈች ጀምሮ ግን፣ በእነዚህ አሥራ አንድ ቀናት፣ ሌላ ነገር አልለካሁም፤ ራሴን ብቻ ለካሁ። ቁጥሩ የተለወጠ አይመስለኝም። ቢለወጥም ስሙን አይለውጠውም። መለካት አላስፈለገኝም። ሦስት ወር ተጨማሪ ስሜን በሰሌዳው ላይ ማየት ፈልጌ ነው። ጥንቃቄ ብዬ የጠራሁት ነገር ቅናት ነበር። ስሙን ይኸው ዛሬ በአደባባይ ጠራሁት፤ ቢያንስ ይህኛው ስም አልተከደነም።

ነሐሴ ላይ ሄደች። መስከረም አልደረሰም። ስሙ ግን ተዘጋ።

ሕጉ ትክክል ነው። አንድም ቃል በሕጉ ላይ አልናገርም። ስሙን እየጠራን ከመንገዷ አንመልሳት፤ ሰላም ትሂድ። ጥፋቱ የሕጉ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ስሙ የሚጻፍበት ጊዜ አለው፤ የእሷን ጊዜ እኔ ጨረስኩባት።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልዙር። የሮዊና እናት፣ ትሰሚኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አሸዋው ገና ስላልተመለሰ አጠገብሽ ቆሜ እናገራለሁ። ከጎንሽ ከተደረደሩት ዛጎሎች ግማሹን ልጆቹ ዛሬ ጠዋት አንቺ ዛጎል ትፈለቅቂበት ከነበረው ዓለት ነው ያመጡት። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስንት እንደሆኑ ግን አልነግርሽም፤ ትስቂብኛለሽ።

በዓይንሽ ቀናሁ። በእግርሽ ቀናሁ። ድንጋዩ አንቺን እንደ ጎረቤት ስለሚያወራሽ፣ ለእኔ ደግሞ በመለኪያ ተጠይቆ እንኳ ዝም ስለሚለኝ ቀናሁ። ስላልተቆጣሽኝ ቀናሁ፤ ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነው። ተቆጥተሽኝ ቢሆን እኩል እንሆን ነበር። በሸርጣኑ ቀናሁ ብል ታምኚኛለሽ? እኔ ብሆን አልልክም ነበር።

ይቅርታ ብዬ አልለምንሽም። የሰጠሽኝን ነገር ደግሜ መለመን ያሳፍረኛል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። በዚህ ዓለም ላይ ካወቅኋቸው መምህራን ሁሉ የበለጥሽው አንቺ ነሽ። እኔ በሥራው የደከምኩ ሰው ነኝና ይህን የምለው በቀላሉ አይደለም። በይ ሂጂ። ባሕሩ ሸሽቷል፤ መንገዱ ደረቅ ነው። በሰላም ሂጂ፤ ቀስ ብለሽ፣ ሳትቸኩዪ። ደህና ሁኚ፣ ወዳጄ።

አሁን ለሕያዋን። ሲሪል፣ አንተ ታላቅ ወንድሟ ነህ፤ ስሙ በእጅህ ነው። ሮዊና፣ አንቺ ልጇ ነሽ። በአዲሱ ሰሌዳ ጽሑፍ ላይ የነበረውን የእኔን ስም ትናንት በራሴ እጅ ሰርዤ ለማተሚያ ቤቱ ልኬአለሁ፤ እሱ ላይ የማንም ፈቃድ አላስፈለገኝም። ለዶክተር ኦልድፊልድም የሆነውን ሁሉ ከነቀኑ ጽፌላቸዋለሁ። በተሰረዘው ቦታ ግን ምን እንደሚገባ የምወስነው እኔ አይደለሁም። ባዶ ይሁን ካላችሁ ባዶ ይሆናል፤ ለምን ባዶ እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ቆሜ እናገራለሁ። «የሮዊና እናት» ይባል ካላችሁ እንዲያ ይጻፋል። የቤተሰቡ ስም ብቻ ይግባ ካላችሁም ይግባ። ስሟ እስኪከፈት ሰሌዳው አይተከል ካላችሁ እንዲቆይ አደርጋለሁ፤ እኔ ያን ቀን ላላየው እችላለሁና ሥራውን ለሮዊና በጽሑፍ አስረክባለሁ።

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማተሚያ ቤቱ የሰሌዳውን ጽሑፍ የሚቀበለው እስከ ዓርብ ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቤቴ በሩ ክፍት ነው፤ ካልፈለጋችሁ አትግቡ፤ በአጥሩ ላይ ሆናችሁ ተናገሩ። ሁለታችሁንም እለምናችኋለሁ፤ እስከ ሐሙስ ድረስ መልሳችሁን ስጡኝ።